ለቆላ አገር የሚስማማ የመኪና ባትሪ ስለ መምረጥ

(በደቡብ ኦሞ ለሚያገለግሉ የዞንና የወረዳ ሹማምንት፥ ለባለ እርሻዎችና ለመኪና ኃላፊዎች የቀረበ ጽሕፈት)

የመኪና ጥቅም በሞተሩ ብርታትና በጎማው ጥንካሬ ብቻ የሚለካ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሞተሩ ምንም ብርቱ ቢሆን፥ ጎማውም ምንም አዲስ ቢሆን፥ ባትሪው የሞተ እንደ ሆነ መኪናው ከቆመበት ስፍራ አይነቃነቅም። ባትሪ ከሌሎቹ የመኪና ዕቃዎች ጋራ ሲመዛዘን መጠኑ ትንሽ ነው፤ ሆኖም የሌሎቹ ሁሉ ሥራ በእርሱ ይጀመራል። ስለዚህ አሮጌው ደክሞ አዲስ መግዛት በሚያስፈልግበት ጊዜ የትኛውን መግዛት እንደሚገባ አስቀድሞ ማወቅ ገንዘብን ከማዳኑም በላይ ሥራን ያድናል።

ይህ ነገር በማናቸውም አገር እውነት ቢሆንም በደቡብ ኦሞ ይልቁን ይጸናል። ከአዲስ አበባ እስከ ጂንካ ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከጂንካም ተነሥቶ በቀይ አፈር፥ በዲመካና በቱርሚ በኩል ወደ ኦሞራቴ የሚወርድ፥ ወይም የማጎን ዱር አቋርጦ ወደ ሳላማጎ የሚሻገር መኪና በመንገድ የቆመ እንደ ሆነ የሚረዳው ሌላ መኪና ቶሎ አያገኝም። በሐመር፥ በዳሰነችና በኛንጋቶም የሚኖረው አርብቶ አደር ደግሞ ሀብቱ ከብት፥ ፍየልና በግ ነው። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ በገባ ጊዜ የሚከላከለው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተጠበቀ ኃይሉን ያጣል፤ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ሲሄድም በረዶው የሚቆይበት ሰዓት የተቆጠረ ነው። መኪናው በማለዳ አልነሣ ብሎ እስከ ቀትር ቢቆም ክትባቱ ይሞቃል፥ ለክትባት የተሰበሰበውም መንጋ ወደ ግጦሹ ይበተናል። ከሩቅ ቀዬ ከብቱን እየነዳ መጥቶ ባዶውን የተመለሰ ሰው በሁለተኛው ቀጠሮ አይመጣም። እንግዲህ የጠፋው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ አይደለም፤ የሕዝቡም እምነት ነው።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ከአፉ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 የሚበልጡ ሰዎችን እንደ ወሰደ የሚዘነጋ የለም። እንዲህ ያለ መከራ ቀን ቆርጦ አይመጣምና፥ የመንግሥት መኪና በተጠራበት ሰዓት ሁሉ የሚነሣ መሆን ይገባዋል።

ባትሪ ምን እንደ ሆነ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ወደ አገራቸው ባስገቡበት ዘመን ሞተርን የሚያስነሣው የሰው ክንድ ነበር። ሰውዬው በመኪናው ፊት ቆሞ ማኖቬላውን ይጠመዝዝ ነበር፤ ሞተሩም መልሶ ሲመታ የብዙ ሰው ክንድ ተሰብሯል። በኤሌክትሪክ የሚነሣ መኪና ለገበያ የወጣው በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለውን የእርሳስ ባትሪ ግን ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1859 አስቀድሞ ሠርቶት ነበር። ዛሬም በጂንካ መንገድ ላይ የሚታዩት መኪናዎች አብዛኛዎቹ የሚነሡት በዚሁ በፕላንቴ ጥበብ ነው። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱት አዲሶቹ መኪናዎች እንኳ ከትልቁ ባትሪያቸው ሌላ መብራቱንና መቈጣጠሪያውን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ይይዛሉ።

ባለ 12 ቮልት የተባለው ባትሪ በውስጡ ስድስት ቤቶች አሉት። በእያንዳንዱ ቤት ስስ የእርሳስ ሰሌዳዎች ተደርድረው ውሃ በተቀላቀለበት በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይጠመቃሉ። አንዱ ቤት ከ2 ቮልት ጥቂት የሚበልጥ ኃይል ይሰጣል፤ ስድስቱ ሲደመሩ ባትሪው ሙሉ በሆነ ጊዜ 12.6 ቮልት ያህል ይሆናል። ቁልፉ ሲዞር ባትሪው ለጥቂት ሴኮንድ ብርቱ ኃይል ለሞተሪኖው ይሰጣል፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ዲናሞው ያንኑ የወጣውን ኃይል ይመልስለታል። ባትሪ ጎተራ እንጂ ምንጭ አይደለም፤ ካልገባበት አይወጣበትም።

1ኛ፤ ሕመሙ ከባትሪው መሆኑን ስለ ማረጋገጥ

መኪና አልነሣ ባለ ቁጥር ባትሪ መግዛት ራሱን ላመመው ሰው የእግር መድኃኒት እንደ መስጠት ነው። ዲናሞው የማይሞላ ከሆነ፥ ቺንጋው የላላ ከሆነ፥ ወይም የሽቦው መያዣ ሞርሴቶ የዛገ ከሆነ አዲሱ ባትሪ ደግሞ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደ አሮጌው ይሞታል። ስለዚህ ገንዘብ ሳይወጣ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ለምርመራው የሚያስፈልገው ቮልት የሚለካ ትንሽ ቴስተር ነው፤ ዋጋው ከባትሪው ዋጋ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት አንድ መኖሩ ይጠቅማል። መኪናው ሌሊቱን ካረፈ በኋላ በማለዳ፥ ሞተሩ ሳይነሣ፥ የባትሪው ሁለት ጫፎች ይለካሉ። 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.4 ካሳየ ሦስት አራተኛ ያህል አለው፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ለመሆን ቀርቧል። 10.5 አካባቢ ካሳየና ተሞልቶም ከዚያ ከፍ ካላለ ከስድስቱ ቤቶች አንዱ እንደ ሞተ ያመለክታል፤ እንዲህ ያለው ባትሪ አይድንም።

ሁለተኛው ምርመራ ቁልፉ ሲዞር ነው። አስቀድሞ የተሞላ ባትሪ ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ደክሟልና መለወጡ ተገቢ ነው። ሦስተኛው ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቮልቱ በ13.8ና በ14.4 መካከል ሊሆን ይገባዋል። ከ13.5 በታች ከሆነ ጉድለቱ ከዲናሞው ወይም ከቺንጋው ነው። ከ14.8 በላይ ከሆነ ደግሞ ዲናሞው ከልክ በላይ እየሞላ ባትሪውን ያፈላዋል፤ በቆላ አገር ይህ ከሁሉ የከፋ ነው።

ደግሞ ሳይሠራ ብዙ ቀን የሚቆም መኪና አለ። ቁልፉ ወጥቶ ሳለ እንኳ የሌባ ማስጠንቀቂያ፥ ሬዲዮና ሌላው መሣሪያ ጥቂት ጥቂት ኃይል ይጠጣሉ። የሚጠጡት የአንድ አምፔር ሃያኛ እጅ ብቻ ቢሆን በአንድ ቀን 1.2፥ በ30 ቀን 36 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪን ከግማሽ በላይ ያጎድለዋል። ስለዚህ በነዳጅ እጦት ወይም በሌላ ምክንያት ለብዙ ቀን የሚቆም መኪና የኔጋቲቩ ገመድ ይፈታ። ይህን ያህል ትንሽ ጥንቃቄ የብዙ ባትሪዎችን ዕድሜ ያራዝማል።

2ኛ፤ ስለ ልኩ

ባትሪው መለወጥ እንዳለበት ከተረጋገጠ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ ልኩ ነው። ልኩን ለማወቅ የመኪናውን መጽሐፍ ማየት ይሻላል፤ መጽሐፉ ከጠፋ ከአሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈውን መገልበጥ ይቻላል። ነገር ግን አሮጌው ራሱ በስሕተት ገብቶ ሊሆን ይችላልና የመቀመጫውን ርዝመት፥ ስፋትና ቁመት በሜትር መለካት አይቅር።

በጃፓን ልማድ የተሠሩ ባትሪዎች እንደ 55ቢ24ኤል ያለ ምልክት አላቸው። የፊተኛው ቁጥር የኃይሉን ደረጃ፥ ቀጥሎ ያለው ፊደል የስፋቱንና የቁመቱን መደብ፥ ሁለተኛው ቁጥር ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር፥ የመጨረሻው ፊደል የጫፎቹን አቀማመጥ ያመለክታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ በመጨረሻው ፊደል ነው። ሌላው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ፖዘቲቩ በቀኝ መሆን ሲገባው በግራ ከሆነ ገመዱ አይደርስም፤ በግድ ቢጎተት ደግሞ ተቈርጦ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ገመዶቹን አቀያይሮ ማሰር ከዚያ ይከፋል፤ የዲናሞውን ውስጥና የመኪናውን መቈጣጠሪያ በቅጽበት ያቃጥላል። የጫፎቹም ውፍረት ሁለት ዓይነት ነው። ሞርሴቶው ሲላላ ምስማር ሸጉጦ ማጥበቅ፥ ሲጠብ በመዶሻ መትቶ ማስገባት በየመንገዱ ይታያል፤ የመጀመሪያው ኃይሉን ያባክናል፥ ሁለተኛው ጫፉን ከሥሩ ያላቅቃል።

በናፍጣ የሚሠራ ሞተር አየሩን አጥብቆ ስለሚጨምቅ ሲነሣ በቤንዚን ከሚሠራው ይልቅ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ ለናፍጣ መኪና ከታዘዘው ልክ ያነሰ ባትሪ መግዛት ፈጽሞ አይገባም። መቀመጫው የሚበቃ ከሆነ ከታዘዘው ጥቂት የሚበልጥ ቢገባ ጉዳት የለውም፤ ዲናሞው የሚሰጠው የወጣውን ያህል ነውና። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን አገናኝተው በ24 ቮልት የሚነሡ የጭነት መኪናዎች ደግሞ አሉ። በእነዚህ አንዱ ብቻ ሲለወጥ አሮጌው አዲሱን ወደ ራሱ ድካም ይስበዋል፤ ደካማና ብርቱ በሬ በአንድ ቀንበር እንደ መጥመድ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ባንድነት፥ አንድ ዓይነትና አንድ ዕድሜ ሆነው ይለወጡ።

3ኛ፤ ስለ ሙቀት

የዚህ ጽሕፈት ዋና ነገር ይህ ነው፤ በደቡብ ኦሞ ባትሪ የሚገድለው ብርድ አይደለም፥ ሙቀት ነው። ሆኖም በገበያ የሚመሰገኑት ባትሪዎች አብዛኛዎቹ የሚመሰገኑት በብርድ በሚሰጡት ኃይል ነው። በባትሪው ላይ በትልቅ ቁጥር የሚጻፈው የብርድ ማስነሻ አምፔር የሚለካው ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ቅዝቃዜ ነው። ይህን የመሰለ ብርድ በራስ ዳሸንም ተራራ ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም፤ በዳሰነች ሜዳ ግን ተሰምቶም አያውቅ። ስለዚህ ሻጩ በዚህ ቁጥር ብልጫ ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ ገዢው ለማያስፈልገው ነገር ይከፍላል። ከዚህም በላይ ይህን ቁጥር ለማብዛት ሲባል በዚያው ሣጥን ውስጥ ብዙ ስስ ሰሌዳዎች ይታጨቃሉ፤ ስስ ሰሌዳ ደግሞ በሙቀት ፈጥኖ ይበላል።

ሙቀት ባትሪውን በሁለት መንገድ ይጎዳል። በአንድ ወገን ውሃውን ያተናል፤ በሌላውም ወገን አሲዱ የእርሳሱን ሰሌዳ ፈጥኖ እንዲበላ ያደርገዋል። የባትሪ ዐዋቂዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፤ ይኸውም ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በ8 ወይም በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ ወደ ግማሽ ይጎድላል የሚል ነው። ይህን ግምት ወደ አገራችን አምጥተን እንመልከተው። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን ኦሞራቴ ወደ 400 ሜትር የምትጠጋ ናት። ቁመት በ1000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በ6 ወይም በ7 ዲግሪ ይጨምራልና ከጂንካ ወደ ኦሞራቴ የወረደ መኪና 7 ዲግሪ ያህል ወደሚበልጥ ሙቀት ወርዷል። እንግዲህ በጂንካ ብቻ ሲመላለስ አራት ዓመት የሚያገለግል ባትሪ በኦሞራቴ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ቢያገለግል አያስደንቅም። በዚህም ምክንያት የዳሰነችና የኛንጋቶም ወረዳ መኪናዎች የባትሪ በጀት ከደጋው ወረዳ በጀት ጋራ እኩል ሊሆን አይገባውም።

ታዲያ ለእንዲህ ያለ አገር የትኛው ዓይነት ይስማማል? በገበያ በተለይ ሦስት ዓይነት ይገኛሉ። አንደኛው ክዳኑ ተከፍቶ ውሃ የሚጨመርበት ነው። ሁለተኛው ውሃ የማይጨመርበት፥ የተዘጋው ነው። ሦስተኛው አሲዱ በመስተዋት ጭረት ምንጣፍ ውስጥ የተጠጣ ነው፤ ይህም ኤ ጂ ኤም ይባላል። ሦስተኛው ዋጋው ከሁሉ ከፍ ያለ፥ ንቅናቄንም የሚችል ነው፤ ነገር ግን የሞተር ሙቀትንና ከልክ በላይ መሞላትን አይወድም። መኪናው በየማቆሚያው ሞተሩን ራሱ የሚያጠፋና የሚያስነሣ ዓይነት ካልሆነ በቀር ለቆላ አስፈላጊ አይደለም። እንዲህ ያለ መኪና ግን በፋብሪካው የታዘዘለትን ዓይነት ብቻ ይሻል።

የቀሩት ሁለቱ እንደ ጠባቂው ናቸው። መኪናውን በየሁለት ሳምንቱ የሚመረምር ትጉህ ሹፌር ካለና የተጣራ የባትሪ ውሃ የሚገኝ ከሆነ ውሃ የሚጨመርበት ይመረጣል፤ ሙቀት የወሰደውን ውሃ መመለስ ይቻላልና። መርማሪ ከሌለ የተዘጋው ይሻላል፤ ምክንያቱም ውሃው ጎድሎ ሰሌዳው አየር ያየ ባትሪ ከተዘጋው ይልቅ ፈጥኖ ይሞታል። የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የወንዝና የጉድጓድ ውሃ በውስጡ ያለው ጨው ሰሌዳውን ያበላሻል። ባገለገለ ባትሪ ውስጥ አሲድ መጨመርም ስሕተት ነው፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና። የውሃው ልክ ሰሌዳዎቹን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከሸፈነ ይበቃል።

ከሁለት አንድ ዓይነትና አንድ ልክ ከሆኑ ባትሪዎች መካከል ለመምረጥ በሚያስቸግርበት ጊዜ ሁለቱን በእጅ ማንሣት ይረዳል። የከበደው አብዛኛውን ጊዜ የበለጠ እርሳስ ያለበት ነው፤ የባትሪም ሀብቱ እርሳሱ ነው።

4ኛ፤ ስለ ዕድሜው

በቅሎ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጥርሷን ያያል። ባትሪም ጥርስ አለው፤ የተሠራበት ወርና ዓመት በሣጥኑ ወይም በጫፉ ላይ ታትሟል። አሲድ የተሞላ ባትሪ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ እንኳ ኃይሉ እየወጣ ይሄዳል፤ በሙቀት አገር ደግሞ ፈጥኖ ይወጣል። ባዶ ሆኖ ብዙ ጊዜ ከተቀመጠ በሰሌዳዎቹ ላይ ነጭ የድንጋይ ቅርፊት የመሰለ ነገር ይጋገርበታል፤ ከዚያ በኋላ ቢሞላም ሙሉ ኃይሉን አይመልስም። በአዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ፈጥኖ የሚሸጠው ዕቃ ወደ ሩቅ ከተማ ሲደርስ በመደርደሪያ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚረዝም ከአዲስነቱ ብዙ ያጣ ይሆናል። ስለዚህ ከተሠራ ከ6 ወር ያለፈውን አለመግዛት፥ የተገዛውንም በሻጩ ፊት በቴስተር መለካት ይገባል፤ ከ12.4 ቮልት በታች ከሆነ ሳይሞላ አይወሰድ። ቀኑ የተፋቀበት፥ ጫፉ የተቧጠጠ፥ ወረቀቱ አዲስ ሆኖ ሣጥኑ ያረጀ ባትሪ ከታየ ታድሶ የቀረበ አሮጌ መሆኑ ያጠራጥራል።

ለሩቅ አገር ከሁሉ የሚስማማው ደረቅ ሆኖ የሚላከው ነው። ይህ ዓይነት ባትሪ ሰሌዳዎቹ በፋብሪካ ተሞልተው አሲዱ ለብቻው የሚሸጥ ነው፤ ሽፋኑ ካልተከፈተ ብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። በሚያስፈልግበት ቀን አሲዱ ይጨመርበታል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ ቀስ ብሎ ይሞላል። የሚሞላበት ልክ የባትሪው አምፔር ሰዓት አንድ አሥረኛ ነው፤ ለባለ 70ው 7 አምፔር ማለት ነው። አሲዱም ለሞቃት አገር የተዘጋጀ፥ ክብደቱ ከውሃ 1.24 ወይም 1.25 እጥፍ ያህል የሆነ ይመረጣል፤ ለብርድ አገር የሚዘጋጀው 1.28 ያህል ስለ ሆነ ሰሌዳውን ፈጥኖ ይበላል። በቀለለው አሲድ የተሞላ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ቮልቱ ከ12.6 ጥቂት ዝቅ ቢል ጉድለት አይደለም። አሲድ የሚጨምር ሰው ዐይኑን በመነጽር ይጋርድ፥ አጠገቡም ብዙ ውሃ ያኑር፤ በሚሞላበትም ስፍራ ሲጋራና እሳት አይቅረብ፥ ከባትሪው የሚወጣው አየር በእሳት ይፈነዳልና።

5ኛ፤ ስለ ግዢው ጽሕፈት

ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ በግዢ ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ ዋጋ የለውም። በብዙ ጽሕፈት ቤት «ባትሪ፥ 12 ቮልት፥ ብዛት 1» ተብሎ ይታዘዛል፤ ከዚያም ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነጋዴ ያሸንፋል። ገዢው ክፍል በወረቀቱ የታዘዘውን ፈጽሟልና አይወቀስም፤ የጎደለው ትእዛዙ ነው። ትእዛዙ በዚህ ዓይነት ቢጻፍ ይሻላል፤ «12 ቮልት፥ 70 አምፔር ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ፤ ለናፍጣ ሞተር፤ ርዝመቱ፥ ስፋቱና ቁመቱ ይህን ያህል፤ ፖዘቲቩ በዚህ ወገን፤ ከተሠራ ከ6 ወር ያላለፈ፥ ወይም ደረቅ ሆኖ አሲዱ ለብቻው የቀረበ፤ የ12 ወር ዋስትናና ቀን የተጻፈበት ማኅተም ያለው ደረሰኝ ያለው»።

ዋጋን በሚመዛዝኑበት ጊዜም የሚቈጠረው የአንድ ዓመት አገልግሎት ዋጋ ነው። ለመቍጠር እንዲቀል አንዱ ባትሪ 100 ብር፥ ሁለተኛው 75 ብር ነው እንበል። የመጀመሪያው አራት ዓመት፥ ሁለተኛው ሁለት ዓመት ቢያገለግል የመጀመሪያው ለአንድ ዓመት 25 ብር፥ ሁለተኛው 37 ብር ከ50 ሳንቲም ያስከፍላል። ርካሽ የተባለው በእጅጉ ተወደደ ማለት ነው። በረሓ ላይ የቆመው መኪና፥ የተበላሸው ክትባትና የሠራተኛው አበል ቢጨመር ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

በዚህ ስፍራ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያሻል። ለፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ባትሪ ሰሌዳው ወፍራም ነው፤ ጥቂት ጥቂት ኃይል ለብዙ ሰዓት እንዲሰጥ የተሠራ ነው። የመኪና ባትሪ ግን ብዙ ኃይል ለጥቂት ሴኮንድ እንዲሰጥ ተሠርቷል። አንዱን በሌላው ስፍራ ማስገባት ሁለቱንም ያጠፋል። በመኪናው ውስጥ ማቀዝቀዣ ወይም መገናኛ ሬዲዮ ሌሊቱን የሚሠራ ከሆነ ለእርሱ የተለየ ሁለተኛ ባትሪ ማድረግ ይገባል። ይህ ካልተቻለ ሒሳቡን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለማይገባው 5 አምፔር የሚጠጣ ማቀዝቀዣ ሞተሩ ሳይነሣ ከ7 ሰዓት በላይ ሊሠራበት አይችልም።

6ኛ፤ ስለ አገባቡና ስለ ጥበቃው

አሮጌው ሲወጣ አስቀድሞ ኔጋቲቩ ይፈታል፤ አዲሱ ሲገባ ኔጋቲቩ በመጨረሻ ይታሰራል። ይህ ሥርዓት የተሠራው ቁልፉ የመኪናውን ብረት ቢነካ እሳት እንዳይፈነጥቅ ነው። የዛገው ሞርሴቶ ሶዳ በተቀላቀለበት ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ይደርቃል፤ ከታሰረ በኋላ ግራሶ ይቀባል። ከዚያም ባትሪው በመያዣው ብረት ይጠበቃል። በኮረኮንች መንገድ ላይ ሳይታሰር የሚንገጫገጭ ባትሪ ሰሌዳው እየተፈረፈረ ወደ ታች ይወርዳል፥ በመጨረሻም ቤቱን ያገናኝና ይገድለዋል። በሙቀት የሚሞተውን ያህል ባይሆንም በዚህ የሚሞተው ጥቂት አይደለም፤ መከላከያው ግን አንድ ብሎን ብቻ ነው።

የገባበት ቀን በባትሪው ላይ በቀለም ይጻፍ፥ በመኪናው መዝገብም ይስፈር። ሁለት ዓመት የሞላው የቆላ ባትሪ ከትልቅ ጉዞ በፊት ሁሉ ይለካ። በድንገት ከመሞቱ በፊት ሞተሪኖው በማለዳ ዘገም ብሎ መዞሩ ምልክት ነውና ሹፌሩ ይህን በተናገረ ጊዜ ሳይንቁ መስማት ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

7ኛ፤ አሮጌውን ስለ ማስወገድ

የሞተ ባትሪ ለመኪናው ባይጠቅምም ለሰውና ለምድር አደገኛ እንደ ሆነ ይኖራል። ክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፤ እርሳስ ደግሞ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮና ደም የሚጎዳ መርዝ ነው። በሴኔጋል አገር በዳካር አጠገብ ቲያሮይ ሱር ሜር በምትባል መንደር ሰዎች የአሮጌ ባትሪ እርሳስ በደጃፋቸው እየለዩ ሲሸጡ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2007 ማለቂያና በ2008 መጀመሪያ 18 ሕፃናት ሞቱ። ወላጆቻቸው ባትሪው ጉዳት ያመጣል ብለው አላሰቡም ነበር።

ስለዚህ አሮጌ ባትሪ በጓሮ አይጣል፥ አሲዱ ወደ ወንዝ ወይም ወደ እርሻ አይፍሰስ፥ በየቤቱም እርሳሱን ለማቅለጥ አይሰበር። አዲሱ በሚገዛበት ጊዜ አሮጌውን ሻጩ እንዲረከብና ዋጋው እንዲታሰብ በውሉ ማስገባት ይቻላል፤ እርሳሱ ዳግመኛ ባትሪ የሚሠራበት ስለ ሆነ ገበያ አለው። እስኪረከቡት ድረስ በጥላ፥ ከሕፃናትና ከከብት በራቀ ስፍራ፥ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ይቀመጥ። ከብት አሲድ የፈሰሰበትን መሬት ይልሳልና የአርብቶ አደር አገር ሹም ይህን ሊረሳ አይገባውም።

የተባለውን ባጭሩ ለመሰብሰብ፥ የደቡብ ኦሞ ባትሪ ለሙቀት፥ ለርቀትና ለንቅናቄ ይመረጣል። አስቀድሞ ሕመሙ ይመርመር፤ ልኩና የጫፎቹ አቀማመጥ ይስተካከል፤ የተሠራበት ቀን ይታይ፤ ይህ ሁሉ በትእዛዙ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ይህን የሚያደርግ ሹም ብዙ ገንዘብ አይጨምርም፥ ብዙም አይደክምም። ነገር ግን በቱርሚ ወይም በኦሞራቴ መንጋውን ሰብስቦ የሚጠብቀው አርብቶ አደር መኪናው በቀጠሮው ሲደርስ ያየዋል፤ ለሚቀጥለውም ቀጠሮ ሳይጠራጠር ይመጣል።